አክስቴ የሳቀችበት መስመር

ዙሪክ ውስጥ አምስት ዓመት የተማርኩት ስለ ሳቅ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ትምህርቱ ግን ብዙም የሚያስቅ አልነበረም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በጥንት ፈረንሳይኛ በግጥም የተጻፉ አጫጭር አስቂኝ ተረቶችን እወስድና የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት ቀልድን ለማስረዳት ባወጡት ንድፈ ሐሳብ እመረምራቸዋለሁ። የአብዛኞቹ ተረቶች ደራሲ አይታወቅም። የሚወራባቸው ሰዎች ሆዳም ቄሶች፣ ነጋዴዎች፣ ብልጥ ሚስቶች፣ የተራቡ ተማሪዎች ናቸው።

ንድፈ ሐሳቡ ሲቃለል እንዲህ ነው። አንድ ቀልድ ሁለት ሥዕል ባንድ ጽሑፍ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። ሰሚው አንደኛውን ብቻ እያየ ይከተላል። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይመጣና ወደ ሁለተኛው ሥዕል ይገለብጠዋል፤ ያኔ ይስቃል። እኔም ኦርሊኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ለጥፌ ነበር። ለእያንዳንዱ ተረት የሚጋጩት ሁለት ሥዕሎች ምን እንደሆኑ፣ የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ፣ የምትገለብጠው ቃል የትኛዋ እንደሆነች እየለየሁ በየሳጥኑ እሞላለሁ። በመስኮቴ ፊት ለፊት ወደ ቢሮነት የተለወጠ የድሮ ፋብሪካ አለ። እዚያ ያሉ ሰዎች ሠንጠረዤን ሲያዩ የባቡር ሰዓት የማወጣ ይመስላቸው ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

ሥራዬ የተሰናከለው በአንድ ተረት ላይ ነው። አንዲት የነጋዴ ሚስት ባሏ ከገበያ ገበያ ሲዞር ሰፊ ቤት ውስጥ ከሠራተኛዋ ጋር ትቀራለች። ሠራተኛዋ እንዳትሰንፍባት ቀበቶዋ ላይ ትንሽ ቃጭል ታስርባታለች። ቃጭሉ ከጮኸ እየሠራች ነው፤ ዝም ካለ እመቤቲቱ ከፎቅ ትጣራለች። አንድ ቀን ሠራተኛዋ ቃጭሉን ፈትታ ፍየል አንገት ላይ ታስረውና ወደ ወንዝ ትወርዳለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ትታጠባለች። ቃጭሉ ከቤት ጓዳ ሲያቃጭል ይውላል። ባል ከመንገድ ሲመለስ ሚስቱ «ስማ እንግዲህ፣ እንዲህ ያለች ታታሪ የት ይገኛል!» ብላ ታሞግስለታለች። እሱም ላመስግናት ብሎ ያስጠራታል። ቃጭሉ ደረጃውን እየወጣ ይቀርባል፣ በሩ ይገፋል፣ ፍየሏ የእመቤቲቱን አዲስ ሻሽ እያኘከች ትገባለች። ባልየው ትክ ብሎ ያያትና «ይህቺ ልጅ ጢም ያወጣችው መቼ ነው?» ይላል።

በሠንጠረዤ ላይ የምትገለብጠው ቃል «ጢም» ነበረች። የሚሳቅበት ሰው በሚለው ሳጥን «እመቤቲቱ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ መንገድ ማሟያ ነው።

አማካሪዬ ጠና ያሉ ሴት ፕሮፌሰር ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እያሉኝ፣ እኔም «እርስዎ» እያልኳቸው ነው የኖርነው። ሠንጠረዡን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰሚው እኮ ቃጭሉ ፍየሏ አንገት ላይ እንዳለ ከመጀመሪያው ያውቃል» አሉኝ። «የማያውቁት እመቤቲቱና ባሏ ብቻ ናቸው። ታዲያ መጨረሻው ላይ ሰሚው ከየት ወደ የት ነው የሚገለበጠው?»

በመጋቢት ለሴሚናሩ ጥናቴን ማቅረብ ነበረብኝ፤ ጊዜው ደግሞ ጥቅምት ገብቷል።

በወር አንድ እሑድ ጄኔቫ ወዳለችው አክስቴ እሄዳለሁ። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ግራንድ ሳኮኔ ውስጥ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር። ስትገባ ለሁለት ዓመት ተብላ ነበር፤ አሥራ አንድ ሆናት። ማዳም የምትላት የቤቱ እመቤት ልጆቿ አድገው በየአገሩ ተበትነውባታል፤ ባልየው ስብሰባ ላይ ነው የሚኖረው። አክስቴ ቤቱን ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ታስተናግዳለች። እሑድ ነፃ ናት። እሑድ ደግሞ ሰርቬት ውስጥ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰብ የአማኞች ኅብረት አላት፤ ከዚያ አትቀርም።

ያን ዕለት ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስናነሳ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ምን ትማራለች እያለ ይጠይቀኛል» አለች። «ታሪክ ነው እላለሁ። ታሪክ ነው አይደል?»

«ተረት ነው እትዬ። የድሮ ፈረንጆች የሚስቁበት ተረት።»

«ለተረት ነው ይህን ሁሉ ዓመት?» ብላ ቆማ አየችኝ። «በይ አንዱን ንገሪኛ።»

ተጨነቅኩ። ከተረቶቼ ውስጥ በአማኝ ሴት ፊት የሚነገሩት ጥቂት ናቸው። ወደ ኮርናቫን ጣቢያ በእግር ስንወርድ የቃጭሉን ተረት ጀመርኩላት፤ እሱ ንጹሕ ነበር። ቃጭሉ ቀበቶዋ ላይ ታሰረ ስላት «እ» አለች። ፍየሏ ላይ አሰረችው ስላት ፈገግ አለች። ወንዝ ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ታጠበች ስል ግን አክስቴ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አንድ ውሻ የያዙ ሽማግሌ ዞር ብለው አይተውን በእሷ ሳቅ ሳቁ።

«እትዬ፣ ገና እኮ ነው! የሚያስቀው መጨረሻው ነው።»

«ጫማዋን አወለቀች!» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «ሸሽታ እንኳ አትቸኩልም እኮ! አቤት ድፍረት!»

መጨረሻውን ነገርኳት። ስለ ጢሙ ለስላሳ ፈገግታ ብቻ ሰጠችኝ፤ ለትሕትና ያህል። ከዚያ አውቶቡስ ስንጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የራሷን አወራችኝ።

«አንድ ቀን፣ ሚያዝያ ላይ ይመስለኛል፣ ፀሐይ ወጣች። ሦስት ሳምንት ዝናብ ብቻ ነበር። አቧራ የሚስበውን ማሽን፣ አስፒራተሩን፣ አስነሥቼ ሳሎን መጥረግ ስጀምር በረንዳው ላይ ያችን ፀሐይ አየኋት። ማዳም ፎቅ ናት፤ ማሽኑ ዝም ካለ የት ነሽ ብላ ስልክ ትደውልልኛለች። አላጠፋሁትም። እንደጮኸ ትቼው ወጣሁና ጫማዬን አውልቄ እግሬን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ዐሥር ደቂቃ ቢሆነኝ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማዳም ወረደች። ማሽኑ ብቻውን ምንጣፍ ላይ ይጮሃል። እኔ በረንዳ ላይ ተዘርግቻለሁ።»

«ተቆጣችሽ?»

«ማሽኑን አጠፋችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ጫማዋን አወለቀች። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።» አውቶቡሱ መጣ። አክስቴ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች። «ያችም የተረትሽ እመቤት ቃጭሉን ለሥራ ብላ ያሰረችው እንዳይመስልሽ። ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። የሰው ድምፅ ፈልጋ ነው።»

ወደ ዙሪክ በሚወስደኝ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ይህን ሳሰላስል መጣሁ። በማግስቱ ተረቱን እንደ አዲስ አነበብኩት። መጀመሪያው ላይ ዘልዬው የነበረ ነገር አለ፤ ባል ከሄደ በኋላ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሴትዮዋ የሊጡን መኩፋት ትሰማ ነበር ይላል። ሠንጠረዤ ላይ ለዚህ መስመር ቀልድ «የለም» ብዬ ነበር የሞላሁት። እግሯን ስለ መታጠቧም «የለም»። ሁለቱንም ሰረዝኳቸው፤ ምን እንደምጽፍባቸው ግን አላወቅኩም።

ለፕሮፌሰሯ ነገርኳቸው። ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። ነገር ግን «አንዲት ሰሚ ናት» አሉኝ። «አንዲት ሰሚ ጥያቄ ትሰጥዎታለች፤ መልስ አትሰጥዎትም።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ኅብረቱ የእህቶች ፕሮግራም ነበረው። ተረቱን በአማርኛ አሳምሬ ጻፍኩትና ከጸሎትና ከሻይ በኋላ እንዳነብላቸው አክስቴን ለመንኳት። እሷም የፓስተሩን ሚስት አስፈቀደችልኝ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ገሚሱ እንደ አክስቴ በዲፕሎማት ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር፣ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ረዳትም ነበሩ። አነበብኩላቸው። ጉልበቴ ላይ ደግሞ መስመሮቹ በቁጥር የተለዩበት ሌላ ወረቀት ነበረኝ። ሲስቁ፣ የሳቁበት መስመር ጎን በእርሳስ ክብ አደርጋለሁ። ማን እንደሳቀችም ምልክት አለኝ፤ «ቤ» የቤት ሠራተኛ፣ «ሌ» ሌላ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሾፌሯ በጢሙ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። እግሯን የታጠበችበት ላይ ግን ሳቁ ሌላ ነበር። ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተያዩ የሚያልፍ ሳቅ ነው። አንዲት ዝምተኛ ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እርሳሴ አላቆመም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አክስቴ አጠገቤ ነበረች። ወረቀቱን አየችው። ኮቴን አቀበለችኝና ተከትላኝ ወጣች።

«ምንድን ነው ቤ?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«እኔ ነኝ አይደል ቤ? እኛ ነን።»

«እትዬ፣ ለጥናቱ ብቻ ነው። ስም አልጻፍኩም።»

«ስማችንንማ ብትጽፊ ይሻል ነበር» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔ እኮ ልጄ ልታስቃቸው መጣች ብዬ ነው የጠራኋቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያያቸው የሚውሉ ናቸው። ቅዳሜ ደግሞ አንቺ መጥተሽ ታይያቸዋለሽ።»

ወረቀቱን ልቀድደው አወጣሁት። እጄን ያዘችኝ። «ቅደጂው አላልኩሽም። የዋልሽበትን ዕወቂ ነው ያልኩሽ።» ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ሻይ የተጠጣባቸው ብርጭቆዎች ነበሩ።

ገናን ብቻዬን ኦርሊኮን አሳለፍኩ። ስልክ ስደውል ታነሣለች፤ ስለ ጤንነቴ ትጠይቀኛለች፤ ጌታ ይባርክሽ ትለኛለች፤ ይዘጋል። ስለ ተረት አንድም አልጠየቀችም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ላወጣው አልቻልኩም። ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ነገር መሆኑን ሰው ሳይነግረኝ ማወቅ ነበረብኝ። ለፕሮፌሰሯም እንደዚያው ነገርኳቸው። «እንግዲያው አይጠቀሙበትም» አሉኝ፤ ነገሩ በዚያ አበቃ።

የካቲት ላይ እሑድን ሳልጠብቅ፣ ሳልጠራም ሄድኩ። ግራንድ ሳኮኔ ያለውን የቤቱን ደወል ስደውል ማዳም ራሷ ከፈተችልኝ። ቀጭን፣ ሽበቷን ያልቀባች፣ ካልሲ ብቻ ያደረገች ሴት ናት። ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቷል።

«የእህቷ ልጅ ነሽ» አለችኝ በፈረንሳይኛ። «ኩሽና ናት። ግቢ፣ እባክሽ። አኩርፋለች፤ በእኔ ላይ ግን አይደለም መሰለኝ።»

አክስቴ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር። ስታየኝ አልተገረመችም። አጠገቧ ቆሜ እኔም መጠቅለል ጀመርኩ። ይቅርታ ስጠይቃት አንድ ብርጭቆ ጠቅልላ እስክትጨርስ ጠበቀችኝ።

«በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «እህቶቹም ጠይቀውኛል፣ ያቺ ልጅ የት ገባች እያሉ። ሌላ ተረት የላትም ወይ ይላሉ።»

«የቀሩት ስለ ቄሶችና ስለ… ለኅብረት የሚሆኑ አይደሉም።»

«መጽሐፍ ቅዱስን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ሴት ነኝ። አንቺ ባለሽ ተረት ነው የምታስደነግጪኝ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ካርቶኖቹን አሳየችኝና ነገሩን ነገረችኝ። የባልየው ሥራ አልቋል፤ በግንቦት አገራቸው ይገባሉ። በዲፕሎማት ቤት ለሚሠራ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ካርት ደግሞ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። እነሱ ከሄዱ እሷ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ዲፕሎማት ቤት ካላገኘች አገሩን መልቀቅ አለባት። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችበት ከተማ፣ ኅብረቷ፣ ሁሉም በዚያች ካርት ላይ ነው። ይህን ሁሉ ብርጭቆ እየጠቀለለች፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው ነበር የነገረችኝ። እኔ እርሳስ ይዤ ሳቋን ስለቅም እሷ ይህን ይዛ ነበር የተቀመጠችው።

ስወጣ በሩ ላይ የቀረኝን ጠየቅኳት። «እትዬ፣ የአስፒራተሩን ነገር ሴሚናሩ ላይ ብናገረው ቅር ይልሻል? አንቺ መሆንሽን ሳልናገር።»

አሰበችበት። «ተናገሪው» አለች። «ግን ከዚያ በኋላ ሳሎኑን ጠርጌ እንደጨረስኩ ንገሪያቸው።»

በመጋቢት ለሴሚናሩ ዙሪክ መጣች። ማዳም ናት «ሂጂ» ብላ ያስገደደቻት። ክፍላችን የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ንግግሬ በፈረንሳይኛ ነበር። አክስቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች። እኔ ንድፈ ሐሳቡን አስረዳሁ። መጨረሻው ላይ የምትመጣው ቃል የምትገለብጠው ተረቱ ውስጥ ላሉት ለባልና ለሚስት ነው አልኩ። ለሰሚው ግን መገለባበጡ ቀደም ብሎ፣ በወንዙ ዳር ይፈጸማል፤ ሥራ ላይ ናት የሚለው ሥዕልና ዕረፍት ላይ ናት የሚለው ሥዕል እዚያ ጫማ በምታወልቅበት መስመር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ያን ሳቅ አስቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ ቃጭሉ የታሰረበት ሰው ነው። የሚሳቅባትም እመቤት ስትታይ የምታሳዝን ናት፤ ሳጥኑ አንድ ስም ብቻ አይበቃውም አልኩ። አስፒራተሩንም ነገርኳቸው። ሳሎኑም እንደተጠረገ አልረሳሁም።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ምሁር እጃቸውን አወጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ከባድ ነበር። «እነዚህ ተረቶች ይነገሩ የነበሩት በጌቶች ግብዣ ላይ ነው ይባላል። ሰሚዎቹ ጌቶች ከሆኑ የሠራተኛ ሳቅ እዚያ ምን ያደርጋል?»

ወረቀቴን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከኋላ ረድፍ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች አክስቴ በፈረንሳይኛ፣ ተቀምጣ እንዳለች። «ግብዣው ላይ ምግቡን የሚያቀርበው ማን ነበር?»

ፕሮፌሰሬ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው ጻፉት። ጠያቂውም ወደ ኋላ ዞረው «እውነትዎን ነው፣ እመቤቴ፤ ያንን አላሰብኩትም» አሏት። አክስቴ ቦርሳዋን አስተካክላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን ሳይ ቀጣዩ ጥያቄ ሳልሰማው አመለጠኝ፤ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኩ።

ከሴሚናሩ በኋላ ፕሮፌሰሬ አክስቴን ራሳቸው ቡና ጋበዟት። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳወሩ ሙሉውን አላውቅም፤ እኔን ሰዎች ይዘውኝ ነበር። ስመለስ ግን አማካሪዬ ስለ አንዲት የልጅነታቸው ሞግዚት ሲያወሩ ደረስኩ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለእኔ ነግረውኝ የማያውቁትን።

የካርቱ ነገር እስከ ግንቦት አጋማሽ አስጨነቀን። ማዳም የምታውቃቸውን ቤቶች ሁሉ በስልክ አዳረሰች። አንዳንዱ ሠራተኛ አለው፣ አንዳንዱ ወጣት ይፈልጋል። አንዲት እመቤት ልታያት ጠርታ «ስንት ሰዓት መቆም ትችያለሽ?» አለቻት፤ አክስቴ አመስግና ወጣች፤ ለእኔ ስትነግረኝም ማጋነን አልጨመረችበትም። በመጨረሻ ማዳም እነሱ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀር መንታ ሴት ልጆች ያሏቸውን ባልና ሚስት አገኘች። አዲስ የመጡ ናቸው፤ ቤቱም ከአሮጌው በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው። ማዳም አክስቴን ይዛት ሄደች። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋላት ነበር፤ አክስቴ አላነበበችውም፤ ለእኔ ሰጠችኝ። ስለ ምግቧ፣ ስለ ታማኝነቷ፣ እንዲህ እንደ ደንቡ የሚጻፈው አለበት። ግርጌው ላይ ማዳም በእጇ ጽሕፈት ከቀትር በኋላ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋትና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ለመጠየቅ እንዳልደፈረች፣ እነሱ ሳትጠይቃቸው እንዲሰጧት ጨምራበታለች። ሳነብላት አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የሄዱ ዕለት ባዶውን ቤት ሁለቱ ሴቶች አብረው ጠረጉት። ማዳም በእጇ መጥረጊያ ይዛ አታውቅም ነበር ትላለች አክስቴ፤ አቧራውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ነው ያዛወረችው። አላረመቻትም።

እኔም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጽሑፌን አስረከብኩ። የምስጋናው ገጽ ላይ ስሟን ላስገባ ብላት እንቢ አለችኝ፤ «አክስቴ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። አሁን አዲሱ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። መንትዮቹ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ፈረንሳይኛዋን ያርሙላታል፤ እሷ ደግሞ አማርኛ ታስተምራቸዋለች። ባለፈው ስደውል ከሁለቱ አንዷ ስልኩን ነጥቃ «እንደምን ዋልሽ» አለችኝ፤ ቀጥሎ የምትለው ጠፋት። ከኋላዋ አክስቴ ቃሉን በሹክሹክታ ስታቀብላት ይሰማኛል። እኔም እስክትለው ድረስ ጠበቅኳት።